ጎበዙ የት ይደበቃል?

ስለ ጥያቄና መልስ ውድድር የቀረበውን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። «ጥያቄና መልስ በቡድን ሲሆን ጎበዙ ይደበቃል» የሚለው ግን አልተዋጠልኝም። እ.ኤ.አ. በ2019 የተካሄደውን የጄፓርዲ (የአሜሪካ የቴሌቪዥን ጥያቄና መልስ ጨዋታ) የኮከቦች ውድድር እንይ። 18 የቀድሞ ተወዳዳሪዎች በ6 ቡድን ተከፍለው ተጫወቱ፤ በየቡድኑ 3 ሰው። ጨዋታው ሦስት ዙር አለው። አንድ ሰው የሚጫወተው አንዱን ዙር ብቻ ነው። ታዲያ የት ይደበቃል? ተራው ሲደርስ ብቻውን ነው የሚቆመው።

ለእኔ የሚጥመው ካፒቴኖቹ ጓደኞቻቸውን ራሳቸው መምረጣቸው ነው። ከካፒቴኖቹ አንዱ ኬን ጄኒንግስ እ.ኤ.አ. በ2004 በተከታታይ 74 ጨዋታ ያሸነፈ ጉድ ነው። 1 ሚሊዮን ዶላሩን የወሰደው ግን የብራድ ራተር ቡድን ነው፤ ከላሪሳ ኬሊና ከዴቪድ ማደን ጋር ሆኖ። የኬን ቡድን ሁለተኛ ወጥቶ 300 ሺህ ዶላር አገኘ (እኔ ብሆን አላኮርፍም)።

እዚህ ሐዋሳ፣ በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ችግሩ አመራረጡ ላይ ነው። ከየክፍሉ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡትን ሰብስበን ቡድን እንላለን። ሦስቱም ሒሳብ ላይ አንበሳ ናቸው። ስለ ኳስ ወይም ስለ ሙዚቃ ሲጠየቁ እርስ በርስ ይተያያሉ። መልሱን የሚያውቀው የኋላ ወንበር ልጅ ደግሞ ተመልካች መሃል ሆኖ ይቁነጠነጣል። ደወሉንም ሁሌ አንዱ ልጅ ብቻ ነው የሚነካው፤ ሁለቱ አጃቢ ናቸው።

በዙር ማጫወቱን እኛም ብንሞክረውስ? ካፒቴኑን ክፍሉ ይምረጥ፣ ሁለቱን ካፒቴኑ ይምረጥ። ወጪ የለውም። ደወሉ ግን አሮጌ ስለሆነ ይቀየርልን።