«ምንም አይሆንም» ይለምልም

«ምንም አይሆንም» ባዮች ዕድሜያቸው ይርዘም። የእነሱ ከረዘመ የኛም ሳይረዝም አይቀርም፤ አንድ ጀልባ ላይ ነና።

ባለፈው ቅዳሜ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ተሳፈርኩ። ወለሉ ላይ ውሃ አየሁ።

«ታስገባለች እንዴ?» አልኩት ነጂውን።

«አይዞህ ወንድሜ፤ 20 ዓመት ሠርታለች፣ ምንም ሆና አታውቅም።»

እንዲህ ነው ምርመራ! ወረቀት የለ፣ ምልልስ የለ። ረዳቱ በተቆረጠ ሃይላንድ ውሃ ይቀዳል፣ ይደፋል። ክብራን ገብርኤልን አለፍን፤ ይቀዳል። ሞተሩ ጠፋ፣ በስንት ጉተታ ተነሳ፤ እሱ ይቀዳል። ስልኩ ጮኸ። በአንድ እጁ አነሳው፣ በሌላው እየቀዳ። «ሥራ ላይ ነኝ» አለ። አልዋሸም።

አጠገቤ የተቀመጠ ተንታኝ (አንድ አይጠፋም መቼም) «ፈረንጅስ ያረጀ የኒውክሌር ጣቢያ ፈቃድ ያራዝም የለ?» ብሎ አጽናናኝ። እውነቱን ነው። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው ፈቃድ 40 ዓመት ነው፤ 20፣ 20 እየተጨመረ እስከ 80 የተፈቀደላቸው አሉ። ግን እዚያ ለምርመራ ብረት ይሰበራል። ኒውትሮን የሚባል የአቶም ቅንጣት ሲደበድበው የኖረ የማብላያ ጋን (የኒውክሌር ነዳጁ ያለበት የብረት ጋን) እየቆየ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ የዚያኑ ብረት ቁራጮች ቀድመው ውስጡ ያስቀምጣሉ፤ በየጊዜው አውጥተው መዶሻ ያሳርፉባቸዋል። ብረቱ ራሱ ይመስክር ነው ነገሩ። ያም ሆኖ ጉድ አይጠፋም፦ የጃፓኑ ፉኩሺማ ዳይቺ ኒውክሌር ጣቢያ 1ኛ ማብላያ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2011 የ10 ዓመት ማራዘሚያ አገኘ። ሱናሚው በወሩ መጣ። ማዕበል ፈቃድ አያነብም።

እዚህስ መዶሻውን ማን አሳረፈ? የሕይወት አድን ጃኬቶቹ በገመድ ታስረው ከማዳበሪያ ከረጢት ሥር ተቀብረዋል። ፊት ለፊቴ ሕፃን ያዘለች እናት ተቀምጣለች። ጀልባዋ 20 ዓመት አልሰመጠችም ማለት እኮ 20 ዓመት አረጀች ማለት ነው! ማንን ነው የምታታልሉት?

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርኩ። የደንገል ታንኳ የሚሠሩ አባቶች ደንገሉ ውሃ ሲጠጣ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፤ ሲበሰብስ ይጥሉታል። ኋላ ቀሮች! ሃይላንድ የላቸውም።

ዘጌ ደረስን። «አየህ?» አለኝ ነጂው፣ ደረቱን ነፍቶ።

መመለሻውን ቀድሜ ከፍዬ ነበር። ከሰዓት ነፋሱ በረታ። ረዳቱ ከመቀመጫ ሥር ሁለተኛ የተቆረጠ ሃይላንድ አወጣና ዘረጋልኝ።

በሁለት እጄ ተቀበልኩ።