ፕሬዠርሽ ስንት ሆነ?

አሜሪካ እንደመጣን ብዙዎቻችንን የሚያስቀን ሽማግሌ በቁምጣ ሲሮጥ ማየት ነው። እኛ አገር በዚያ ዕድሜ ጋቢ ተደርቦ፣ ከዘራ ተይዞ፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚኬደው። ኋላ ሳቁ ይቀራል። እኔ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ብርዱ ሲከብድ እዚህ ያሉ አዛውንቶች ጠዋት ጠዋት የገበያ ማዕከል ውስጥ ይገባሉ። ምንም አይገዙም። ሱቆቹ ሳይከፈቱ ኮሪደሩን ዞረው ዞረው ይወጣሉ።

ከእኔ በታች ያሉት ጎረቤቴ 81 ዓመታቸው ነው። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው ሌላ ስቴት ናቸው። ኩሽናቸው ውስጥ የሳምንቱ ቀናት የተጻፉባት የክኒን ሳጥን አለች። እሁድ ማታ ቁጭ ብለው ይሞሏታል። የመድኃኒቶቻቸው ስም ከነመጠኑ የተጻፈበት ወረቀት ከቦርሳቸው አይጠፋም። አንድ ቀን ዕቃ ሳግዛቸው መታጠቢያ ቤታቸው ግድግዳ ላይ መያዣ ብረት ተገጥሞ አየሁና «ወድቀው ነው?» አልኳቸው። «እንዳልወድቅ ነው» አሉኝ። እውነት አላቸው። እዚህ አገር ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ አራት ሰዎች ቢያንስ አንዱ በየዓመቱ እንደሚወድቅ ሲዲሲ የሚባለው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ተቋም ይናገራል። ዳሌ ከተሰበረ በኋላ ደግሞ እንደ ድሮው መራመድ ለብዙዎች ሕልም ነው።

በእርግጥ መንግሥትም ያግዛቸዋል። በ1965 በሕግ የጸደቀው ሜዲኬር የሚባለው መድን አለ፤ 65 ሲሞላቸው ይገቡበታል። ሳያማቸውም በዓመት አንዴ ሐኪም ጋ ቀርበው ጤንነታቸውን ይከታተላሉ።

ወደ እኛ እንምጣ። አገር ቤት ሳያሙ ሐኪም ቤት መሄድ ሟርት ነው። ቁርጥማቱም፣ ድካሙም፣ ሌሊት ለሽንት መመላለሱም «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል። መመላለሱ ግን የስኳር ወይም የፕሮስቴት ምልክት ሊሆን ይችላል። ደም ግፊት ደግሞ ጭራሽ ምልክት ሳያሳይ ሰውን ሊጥል ይችላል።

አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ የግፊት ክኒን ታዘዘላት። ጥቂት ጊዜ ወሰደችና አቆመች። «ተሽሎኛል እኮ! ደግሞ አንዴ ከተለመደ አይቆምም አሉ» አለችኝ። በምትኩ ሽፈራውና ነጭ ሽንኩርት ያዘች። እኔ ሁለቱንም አልጠላም። ግን ክኒኑን ይተካል ያለኝ ሐኪም የለም።

ጨውስ? «ቀንሻለሁ» ትላለች፤ ወጡ ላይ አትጨምርም። ነገር ግን በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። ሽሮውም ሲፈጭ እንዲሁ። ቡናን በጨው የሚጠጣም ሰው አለ፣ እሱን ተዉት። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ይሁን ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አትሞላም። የእኛ ሰው ማንኪያዋን ምሳ ሳይደርስ ይጨርሳታል።

ከጨውም ከክኒኑም በላይ የሚያስቸግረው ግን ለራስ ማውጣት እንደ ነውር መታየቱ ነው። ለምርመራ ብለን የላክነው ገንዘብ የአንድ የዘመድ ልጅ ትምህርት ቤት መመዝገቢያ ሆነ። «እኔማ ኖሬ የለ እንዴ» ነው መልሷ። ምን ትላታለህ?

ይሁንና አክስቴ ያላት ነገር ለጎረቤቴ የለም። አንድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ካልታየች እስከ ምሳ ድረስ ሰው በሯን ያንኳኳል። ዕድሩ አለ፣ የጽዋ ማኅበሩ አለ፣ ቡናው አለ። መንገዱንም በእግሯ ነው የምትሄደው፤ ስግደቱ ሲጨመር ከማንም ጂም አይተናነስም። የጎረቤቴን በር ግን ከፖስተኛው ሌላ ሲያንኳኳ ያየሁት ሰው ትንሽ ነው። ሰርጀን ጄነራል፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት ዋና የሕዝብ ጤና ሐኪም፣ የነበሩት ዶክተር ቪቬክ መርቲ በ2023 ባወጡት ማሳሰቢያ ከሰው መነጠል ለሞት በማጋለጥ በቀን እስከ 15 ሲጋራ ከማጨስ ጋር ይቀራረባል ብለው ነበር።

አንጀቴን የሚበሉት የጎረቤቴንም ጥንቃቄ፣ የአክስቴንም ሰው ያጡት ናቸው። የልጅ ልጅ ለማሳደግ ብለን ያመጣናቸው እናቶቻችን። መኪና አይነዱ፣ ቋንቋው የለ፣ ውጭው በረዶ። አገር ቤት በእግራቸው ገበያ ደርሰው ይመለሱ የነበሩ ሴቶች እዚህ ሶፋ ላይ ተቀምጠው እግራቸው ያብጣል። ጠዋት በቫን ወስደው ማታ የሚመልሱ የአዛውንት መዋያዎች አሉ፤ አበሾች የሚሰባሰቡባቸውም አሉ። ግፊት ይለካል፣ ሰውነት ይፍታታል፣ ወሬም አይጠፋም። «እናቴን ዴይኬር አስገባሁ? ሰው ምን ይላል!» የሚል ልጅ ግን ሞልቷል። እሱ ሥራ ውሎ ሲመጣ እሷ ግድግዳ ስታይ ውላለች፤ ይኼንን ማንም ምንም አይለውም።

ዳያስፖራው ቸር ነው፣ አይካድም። ሰው ስትሮክ መታው ሲባል ጎፈንድሚ የሚባለው የኢንተርኔት መዋጮ ተከፍቶ ባንድ ሌሊት ስንት ሺህ ዶላር ይዋጣል። ሻንጣም ሙሉ ቫይታሚን እናሽጋለን፣ ሐኪም ይዘዘው አይዘዘው ማን ይጠይቃል? አገር ቤት እናት ወይ አክስት ጋ ስንደውል «ደህና ነሽ?» እንላለን፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ትለናለች። ብትታመምም ቤተሰቡ ተማክሮ ይደብቀናል፤ «ሰው አገር ነው፣ አይጨነቅ» ተብሎ። ስለዚህ አሁን እኔ በቁጥር ነው የምጠይቀው። ለአክስቴ ክንድ ላይ የሚታሰር የግፊት መለኪያ ላክሁላት። ውድ አይደለም። የጎረቤት ልጅ ቁጥሩን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልኛል።

ባለፈው 160 በ95 መጣ፤ ከፍተኛ ነው። «ማሽንህ ተበላሽቷል» አለችኝ። ሰፈር ያለው ፋርማሲ ሄዳ ስትለካ ያው ነው። ሐኪሙ ጋ ተመልሳ ክኒኑን እንደገና ጀመረች። «ለአንተ ስል ነው የምውጠው» ብላኛለች፣ ለራሷ እንዳልሆነ ጠንቅቄ እንዳውቅላት።