«ቡችላን በ5 ሳምንቱ ካልወሰዳችሁት አይለምዳችሁም» የሚባለው ስህተት ነው

«ቡችላ ዓይኑን ገልጦ መብላት ከጀመረ ቶሎ ውሰዱት፤ ካደገ በኋላ ባለቤቱን አይወድም» ላልከው ወንድሜ፣ ይህን ብዙ ሰው ያምነዋል፤ ግን ልክ አይደለም።

ቤቴ ውስጥ ውሻ አራባለሁ፤ 8 ሳምንት ያልሞላው ቡችላ ከቤቴ አይወጣም። ሰውን የሚያታልለው በ5 ሳምንቱ ምግብ መብላቱ ነው። ትልቁ ትምህርት ግን ያኔ ገና ነው። አንዱ የወንድሙን ጆሮ አጥብቆ ሲነክሰው ያኛው ጮኾ ጨዋታውን ጥሎት ይሄዳል። ነካሹ ግራ ተጋብቶ ይቆማል፤ ሲመለስ ቀለል አድርጎ ይይዘዋል። ያለ ጊዜው የተወሰደ ቡችላ ይህን ስለማይማር የልጆቻችሁን እጅ ይጨርሳል፤ ፈሪና ጯሂ የመሆን ዕድሉም ይጨምራል።

ፍቅሩስ? ቡችላ ሰውንና አካባቢን በቀላሉ የሚለምድበት ጊዜ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ወይም 14ኛው ሳምንት ገደማ ነው፤ በ8 ሳምንቱ ቢመጣ በቂ ቀን አለው። አዋቂ ውሻ እንኳ አዲስ ባለቤት ይወዳል።

«ሮጦ የመጣው መረጠኝ» የሚሉም አሉ። ሌሎቹ ጠግበው ተኝተው ይሆናላ! እናንተ ያያችሁት ለግማሽ ሰዓት ነው፤ አርቢው ግን ሳምንታት አይቷቸዋል። ስለዚህ ስለ ቤታችሁ፣ ስለ ልጆቻችሁና ስለ ሥራ ሰዓታችሁ ሲጠይቃችሁ አትቀየሙት፤ የረጋውን ለየትኛው ቤት፣ እሳት የሆነውን ለየትኛው እንደሚሰጥ እያሰበ ነው።