ሳያነቡ ለሚፈርዱልን

ምስጋና የተነፈጋቸው አንድ ባለሙያዎች አሉ። ሁለት አገሮች ለሰባ ዓመት ያቆዩት የጦር ቃል ኪዳን ይቅር ወይስ ይቀጥል የሚለውን ጥያቄ በሠላሳ ሴኮንድ የሚቋጩልን ሰዎች ማለቴ ነው። ጣታቸውን ያለምልምልን። ዲፕሎማት ዕድሜውን ይፈጅበታል፣ ጄኔራል ፀጉሩን ይሸብትበታል። እነሱ ግን አውቶቡስ እየጠበቁ ይጨርሱታል።

አንድ እንዲህ ያለ ወዳጅ አለኝ። ልዩ ሙያው የአሜሪካና የደቡብ ኮሪያ ጥምረት ነው። ከዓለሙ ሁሉ ለምን ኮሪያን መረጥክ ብዬ ብጠይቀው፣ «ቃኘው የሞተበት አገር እኮ ነው! ድርሻ አለን» አለኝ። እውነቱን ነው። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ የኢትዮጵያው ቃኘው ሻለቃ በ1951 ኮሪያ ገባ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አንድም ምርኮኛ ሳያስይዝ ተዋግቶ ተመለሰ። ወዳጄ ደግሞ ከሶፋው ሳይነሳ ይማርካል። ሁሉም እንደየአቅሙ ነው።

ባለፈው ስልኩን አወጣና ካልኩሌተር ከፈተ። «28,500 ወታደር» ብሎ ጻፈ፤ ደቡብ ኮሪያ የሰፈረው የአሜሪካ ጦር መሆኑ ነው። «አንዱ ወታደር በዓመት ይሄን ያህል ይፈጃል እንበል።» ይቺ «እንበል» የምትባል ቃል የሙያው ምሰሶ ናት። እሷ ባትኖር ስንቱ ባለሙያ ሥራ ፈት ነበር! አባዛ። በሰባ ዓመት ደግሞ አባዛ። ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ አልበቃ ሲል ስልኩን አጋደመው።

«አየህ?» አለኝ ስክሪኑን ወደኔ አዙሮ። «ይሄ ሁሉ ብር ወጥቶ በሰባ ዓመት ውስጥ አንድ ጦርነት እንኳ አልተነሳም! በከንቱ!»

እኔ ሞኙ፣ ገንዘቡ የወጣው ጦርነት እንዳይነሳ ይመስለኝ ነበር። ለካ ነገሩ ሌላ ነው። ሰባ ዓመት ሙሉ ዝናብ ያላስገባ ቆርቆሮ ምን ይሠራል? ተነቅሎ ይሸጥ እንጂ።

ደግሞ ሙያው ትልልቅ ሰዎችም አሉበት። በ2019 የዶናልድ ትራምፕ መንግሥት ደቡብ ኮሪያን ለዚሁ ጦር ማቆያ በዓመት 5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ክፈይ አለ። ከዚያ በፊት የምትከፍለው ከአንድ ቢሊዮን ያነሰ ነበር። አምስት እጥፍ መሆኑ ነው። ድርድሩ ተጓትቶ ተጓትቶ በ2021 በ13.9 በመቶ ጭማሪ ተቋጨ፤ ያኔ ትራምፕ ከሥልጣን ወርደዋል። ሰውየው 28,500 ገደማ የሆነውን ወታደር 40,000 ያሉበት ጊዜም አለ። ይሄ ስህተት አይደለም፤ «እንበል» ነው።

ኮሪያዎቹ ምንም አይከፍሉም የሚለውም የዚሁ ጥበብ ፍሬ ነው። ፒዮንግቴክ በምትባል ከተማቸው ካምፕ ሃምፍሪስ የሚባል ግዙፍ የአሜሪካ ጦር ሰፈር አለ። ማስፋፊያው ወደ 11 ቢሊዮን ዶላር ፈጅቷል። ከዚህ ውስጥ 90 በመቶ ያህሉን የሸፈነችው ደቡብ ኮሪያ ናት። በቬትናም ጦርነት ጊዜም ከ300,000 በላይ ወታደር አዘዋውራ አዝምታለች። ይሄን ለወዳጄ ስነግረው በትህትና ሰማኝ። ከዚያ «እሱ ሌላ ጉዳይ ነው» አለና ካልኩሌተሩን ዘጋው። ወደ ድምሩ የሚገባውን ከማይገባው መለየት ራሱን የቻለ ተሰጥኦ ነው።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው ግን ውሉን አለማንበባቸውን ነው። የጋራ መከላከያ ውሉ ኦክቶበር 1 ቀን 1953 ዋሽንግተን ላይ ተፈረመ። ስድስት አንቀጽ ብቻ ነው። የቤት ኪራይ ውል ከዚህ ይረዝማል። ሻይ እስኪበርድ ያልቃል። ግን ቢያነቡት ምን እንደሚደርስባቸው አስቡት። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ይደርሳሉ። በአንዳችን ላይ ጥቃት ቢደርስ እያንዳንዳችን «በሕገ መንግሥታዊ ሥርዓታችን መሠረት» አደጋውን ለመመከት እንንቀሳቀሳለን ይላል። በቃ። ወታደር ወዲያው ይላካል የሚል የለም። በስንት ቀን፣ በስንት ታንክ የሚልም የለም።

እዚህ ላይ የተቃራኒውን ሰፈር ባለሙያዎችም ማመስገን ተገቢ ነው። እነሱ ካልኩሌተር የላቸውም፤ ያላቸው እንባ ነው። «በደም የተሳሰረ!» «ዘላለማዊ!» «ከብረት የጠነከረ!» ይላሉ። ስድስተኛው አንቀጽ ደግሞ በጸጥታ ተቀምጧል። ከሁለቱ አንዱ ያቋርጥ ዘንድ ካሰበ ለሌላው ያሳውቅ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ውሉ ያበቃል ይላል። ዘላለም ማለት የአንድ ዓመት ማስጠንቀቂያ ማለት ነው። በነገራችን ላይ ይሄ መውጫ ለጌጥ የተጻፈ አይደለም። አሜሪካ ከታይዋን ጋር የነበራትን ተመሳሳይ ውል በጂሚ ካርተር ዘመን በዚሁ መንገድ አቋርጣለች።

የውሉ አወላለድማ ለማንኛቸውም አይመችም። በ1953 አሜሪካ የተኩስ አቁሙ እንዲፈረም ቸኩላለች። የደቡብ ኮሪያው ፕሬዚዳንት ሲንግማን ሪ ደግሞ እስከ ሰሜን ጫፍ ካልተዋጋሁ አሉ። ጁን ላይ 27,000 ያህል የጦር ምርኮኞችን በራሳቸው ሥልጣን ከካምፕ አስለቀቁ፣ ድርድሩ እንዲፈርስ። ተኩስ አቁሙን እንዳያፈርሱ ከተሰጣቸው ማባበያ ዋነኛው ይሄ ውል ነው። ስለዚህ ውሉ የታሰበው ጠላትን ለማስፈራራት ብቻ አልነበረም። ወዳጁንም ኮቱን ይዞ ለማስቀመጥ ነበር። ጨቅጫቃ ወዳጅን ኮቱን የመያዝ ዋጋ በወር ስንት ነው? ካልኩሌተሩ ይህን ቁልፍ አላበጀም።

«ትተነው ብንወጣስ?» ለሚለውም መልስ መፈለግ አያሻም፤ ታሪክ ማንበብ ዓይን ያደክማል። አሜሪካ ተዋጊ ጦሯን በ1949 አውጥታ ነበር። አማካሪዎች ብቻ ቀሩ። በጃንዋሪ 1950 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዲን አቺሰን የአገራቸውን የመከላከያ መስመር በንግግር ሲያሰምሩ ኮሪያ ከመስመሩ ውጭ ሆነች። ጁን 25 ላይ የሰሜን ጦር ድንበሩን ተሻገረ። ንግግሩ ነው ጦርነቱን የጠራው ለማለት አልደፍርም፣ የታሪክ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። የወጣው ጦር ግን ተመልሶ ገባ። ከ36,000 በላይ አሜሪካውያንም ሞቱ። ቁጠባው እስከዚያ ድረስ ቆንጆ ነበር።

አሁን ደግሞ ወዳጄ ቢሰማ ራሱን የሚስትበትን የወጪ ታሪክ ላንሳ። የዛፍ ታሪክ ነው። ኦገስት 18 ቀን 1976 በሁለቱ ኮሪያዎች ድንበር ላይ ባለችው ፓንሙንጆም አንድ ዛፍ የጠባቂዎችን እይታ ከለለ። ቅርንጫፉን ለመከርከም ከደቡቡ ወገን ጥቂት ሰዎች ተላኩ። የሰሜን ኮሪያ ወታደሮች መጥተው ተጣሏቸው፤ ከሠራተኞቹ የወሰዱትን መጥረቢያ ይዘው ሁለት የአሜሪካ መኮንኖችን ገደሉ። ከሦስት ቀን በኋላ ዛፉ እንዲቆረጥ ተወሰነ። መሐንዲሶች የሞተር መጋዝ ይዘው ሄዱ። የደቡብ ኮሪያ ልዩ ኃይሎች አጀቧቸው። ሰማይ ላይ ሄሊኮፕተሮች፣ ከእነሱ በላይ ቢ-52 ቦምብ ጣዮች ዞሩ። ባሕር ላይ ሚድዌይ የተባለው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ቆመ። 42 ደቂቃ ፈጀ። ዛፉ ወደቀ፣ ጉቶው ቀረ።

እስቲ አስሉት። ለአንድ ዛፍ! በዓለም ታሪክ ይህን ያህል ገንዘብ የወጣበት የዛፍ ቆረጣ መኖሩን እጠራጠራለሁ። አናጺ ብንጠራ በስንት ይቆርጠው ነበር? ለዚያ ሁሉ ወጪ የተገኘው ነገር ደግሞ ይሄው ነው፦ ያን ቀን ማንም አልተኮሰም። የሰሜን ኮሪያው መሪ ኪም ኢል ሱንግ ስለ ግድያው ማዘናቸውን የሚገልጽ መልእክት ላኩ። የአሜሪካና የደቡብ ኮሪያ ጦሮች አንድ ዕቅድ ይዘው፣ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ መሥራትን የተለማመዱት በአንድ ሌሊት አይደለም። ግን ልምምድ በየዓመቱ የሚከፈልበት እንጂ በየዓመቱ የሚታይ ዕቃ አይደለምና ከድምሩ ይውጣ።

ደግሞ ቀልዱ የሚቆምበት ቦታ አለ። በ2002 ሁለት ታዳጊ ተማሪዎች መንገድ ዳር ሲሄዱ የአሜሪካ ጦር ብረት ለበስ ተሽከርካሪ ገጭቷቸው ሞቱ። ወታደሮቹ በአሜሪካ የጦር ፍርድ ቤት ቀርበው ነጻ ተባሉ። ሴኡል ሻማ በያዘ ሕዝብ ተሞላች። ይሄም የጥምረቱ ዋጋ ነው፤ የከፈሉት ግን ካልኩሌተር የያዙት አይደሉም። «ዘላለማዊ» የሚሉት ወገኖቼ ይሄን ሲሰሙ ቶሎ ወደ ደም ትስስሩ ይመለሳሉ። ለዚያ ፍጥነታቸውም አድናቆቴ ይድረሳቸው።

ትናንት ወዳጄ ጋር ውሉን በስልኬ ይዤ ሄድኩ። ስድስቱንም አንቀጽ። ተቀበለኝ። በጣቱ ወደ ታች ገፋው። በድጋሚ ገፋው። አለቀ።

«ዋጋው የቱ ጋ ነው?» አለኝ።

የለም አልኩት። ውሉ ውስጥ የተጻፈ የገንዘብ መጠን የለም።

«ታዲያ ይሄ ምን ውል ነው!» ብሎ ስልኬን መለሰልኝ። ወዲያው የራሱን አወጣና አጋደመው።