ኦፍ-ሮድ ያለ አፈር?

በሪሞት የሚነዱ መኪኖች ውድድር ሁለት ትልልቅ ዘርፎች አሉት። ኦን-ሮድ የሚባለው አስፋልት ወይም ምንጣፍ ላይ ይካሄዳል። ኦፍ-ሮድ ደግሞ ጉብታና መዝለያ ባለው አፈር ላይ። አውሮፓ ውስጥ ግን ብዙ ክለቦች የኦፍ-ሮድ ሜዳቸውን በሰው ሰራሽ ሳርና በምንጣፍ ሸፍነውታል። ይሄ ነገር በፍጹም አልተዋጠልኝም።

ኦን-ሮድ የሚሊሜትር ጨዋታ ነው። ከእውነተኛው መኪና በአሥር እጥፍ የምታንሰው፣ ቱሪንግ የምትባለው የኦን-ሮድ መኪና ሆዷ ከመሬት የሚርቀው 5 ሚሊሜትር አካባቢ ብቻ ነው። ሜዳው ለጥ ያለ ስለሆነ ልዩነት የሚመጣው ከዝግጅት ነው። ተወዳዳሪው ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ሲለካ ይውላል፤ የጎማውን ዝንባሌ፣ የሞላውን ጥንካሬ፣ አሞርዛተሩ ውስጥ ያለውን ዘይት ውፍረት። ከዚያ ለ5 ደቂቃ ይሮጣል። በዚያች 5 ደቂቃ አንዴ ጠርዝ መግጨት ማለት ብዙውን ጊዜ ውድድሩን መሰናበት ነው። ትልቅ ችሎታ ይጠይቃል፣ አከብረዋለሁ።

አፈር ሌላ ነገር ይጠይቃል። ጠዋት ውሃ ተረጭቶበት ሲጀመር ጎማን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ፀሐይ ሲበረታ ይደርቃል፣ አቧራው ይነሳል፣ መኪና መንሸራተት ይጀምራል። ከሰዓት በኋላ ኩርባዎቹ ላይ ጎድጓዳ ይፈጠራል። ጠዋት ያዋጣ መስመር ከሰዓት መኪና ይገለብጣል። ስለዚህ ነጂው እየነዳ መሬቱን ማንበብ አለበት፤ ጠረጴዛ ላይ ተለክቶ የሚያልቅ ነገር የለም።

ዝላዩን ደግሞ ቀረብ ብላችሁ እዩት። መኪናዋ አየር ላይ እያለች ነዳጅ ከተሰጣት አፍንጫዋ ቀና ይላል። ፍሬን ከተያዘ ወደ ታች ይደፋል። ይህን የሚያደርገው የጎማዎቹ ሽክርክሪት ነው፤ ፍጥነታቸው ሲለወጥ የመኪናዋ አካል በተቃራኒው ይዞራል። ጎበዝ ነጂ በዚያች ቅጽበት ጣቱን ነካ ያደርግና መኪናዋን ከማረፊያው ቁልቁለት ጋር ያስተካክላታል። ምንጣፍ ላይም መዝለያ አለ። ግን የሚነሱበትና የሚያርፉበት ቦታ ቀኑን ሙሉ ያው ስለሆነ እጅ ከለመደው በኋላ ሃሳብ አይጠይቅም። አፈር ላይ መነሻውም ማረፊያውም በየዙሩ ይበላል።

በኤሌክትሪክ ሞተር ለሚሄዱት የአንድ አሥረኛ ኦፍ-ሮድ መኪኖች የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1985 ዴል ማር፣ ካሊፎርኒያ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከታዩት ነጂዎች ጃፓናዊው ማሳሚ ሂሮሳካ 14 የዓለም ዋንጫ ወስዷል፤ በኦን-ሮድም በኦፍ-ሮድም። እሱን ታላቅ ያሰኘው ሁለት የማይመሳሰሉ ፈተናዎችን ማለፉ ነው። ሁለቱም ፈተና ምንጣፍ ላይ ከሆነ ነገ የሚመጣው ልጅ እንዲህ ያለ ችሎታውን የት ያሳያል?

የምንጣፍ ደጋፊዎች ምክንያት ባዶ አይደለም። ዝናብ ሲመጣ የአፈር ሜዳ ጭቃ ይሆናል፣ ውድድር ይሰረዛል። አፈሩን ማጠጣትና መጠገን ጉልበት ይፈልጋል፤ ያንን ጉልበት ብዙ ጊዜ የሚሰጡት በነጻ የሚያገለግሉ ጥቂት አባላት ናቸው። መሬቱ በተለዋወጠ ቁጥር ሌላ ጎማ ስለሚያስፈልግ ወጪውም ቀላል አይደለም። ለጀማሪ ይሄ ይከብዳል።

ክረምት ላይ አዳራሽ ውስጥ ምንጣፍ ቢነጠፍ ቅሬታ የለኝም። ብርዱን ማለፊያ ይሆናል። የበጋው የውጭ ሜዳ ግን አፈር ሆኖ ይቆይ። የጎማውን ወጪ ለመቀነስ አዘጋጆች ለእያንዳንዱ ውድድር የሚፈቀደውን ጎማ በዓይነትም በብዛትም ይወስኑ፤ ኦን-ሮድ ውስጥ ይህ የተለመደ አሠራር ነው። የጥገናውን ሥራ ደግሞ ለሁለት ሦስት ሽማግሌዎች ከመተው ተወዳዳሪ ሁሉ ተራ ይግባበት። አሁንም እኮ ማንም ሰው የራሱን ዙር እንደጨረሰ ሜዳ ውስጥ ቆሞ የሌሎችን የተገለበጠ መኪና ያነሳል። አካፋ መያዝም እዚያው ላይ ቢጨመር የሚያማርር ብዙ አይኖርም።