ለክቡር «ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው»፣ ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

«ባሉበት» ያልኩት የሌሉበት ቦታ ስላጣሁ ነው። ባንክ በር ላይ አሉ። ድልድይ ላይ አሉ። ምንም ያልተሠራበት ባዶ መሬት በታጠረበት ቆርቆሮ ላይም በቀይ ቀለም ተጽፈው አይቼዎታለሁ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ግን አልጠበቅኩዎትም።

የፎቶግራፍ ተማሪ ነኝ። የአሁኑ ፕሮጀክታችን «እንቅስቃሴ» ይባላል። መምህራችን የሚበር ነገር ግድግዳ ላይ የተለጠፈ መስሎ ሲመጣ አይወዱም። ስለዚህ ቅዳሜ በጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወረድኩ። ዓሣ ሲበለት አባ ኮዳዎቹ ለአንጀትና ለጭንቅላቱ እንዴት እንደሚሻሙ መቼም ያውቃሉ። ክንፉን ሲዘረጋ ከ2 ሜትር በላይ የሚሆን ወፍ ነው። ሸተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራውን መዝጊያ፣ ቀስ ብሎ እንዲዘጋ ወደ 1/15 ሰከንድ አወረድኩት። እንዲህ ሲሆን የቆመው ጥርት ይላል፣ ክንፉ ግን እንደ ጭስ ይሳባል። ክርኔን ጎኔ ላይ ለጥፌ፣ ትንፋሼን ይዤ...

«ስማ! አንተ! ማን ፈቀደልህ?»

መጡ ክቡርነትዎ፣ በአንድ ጥበቃ አፍ። የየትኛው መሥሪያ ቤት ጥበቃ እንደሆኑ እስካሁን አላወቅኩም። ዱላ ግን ይዘዋል።

«ጋሼ፣ ተማሪ ነኝ» አልኩ። መታወቂያ አሳየሁ።

«መታወቂያማ ሁሉም አለው። ደብዳቤስ?»

አባ ኮዳ ለማንሳት ደብዳቤ! ከጎናችን እኮ ሰው ሁሉ ከዚያው አባ ኮዳ ጋር ሰልፊ ይነሳል። አብዛኛው ስልክ ከእኔ ያገለገለ ካኖን 600ዲ ካሜራ የበለጠ ሜጋፒክሰል አለው። የእኔ 18 ነው። ግን ሌንሱ ወጣ ካለ፣ አለቀ፣ ሰላይ ነህ።

«ክፈተው» አሉኝ። ከፈትኩ። ሰው ተሰበሰበ። ጥበቃው ፎቶዎቼን አንድ በአንድ ያያሉ፣ «አጥፋ» ይላሉ፣ አጠፋለሁ። ትንሽ እንደሄድን ግንባራቸው ተቋጠረ። «ይሄ ምንድነው? ምንም አይታይም እኮ።» ስለ ሸተር ላስረዳ አፌን ስከፍት፣ ከኋላ አንድ የባጃጅ ሾፌር አንገቱን አስግጎ አየና «ጋሼ፣ ምን አጥፋ ይሉታል? ራሱ ጠፍቷል!» አለ። ሳቅ በሳቅ ሆነ። ጥበቃውም ፍርዳቸውን ሰጡ፦ «ሰላይማ ቢሆን ጥርት አድርጎ ያነሳ ነበር። ይሄ ገና ልጅ ነው፣ ተዉት።»

በነፃ ተለቀቅኩ፣ አለመቻሌ ተረጋግጦ።

እስከዚህ እኔም ስቄያለሁ። ከዚህ በኋላ ግን አንቱታው ይቅር።

ከወፎቹ መሃል አንዲት ጥርት ያለች ፎቶ ነበረች። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ መረባቸውን ሲጠግኑ። «አባባ፣ ላንሳዎት?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ታጥቦ እንዲሰጣቸው ነው የፈቀዱት። መጀመሪያ የተማርነው ይህንን ነው፣ ሰውን መጠየቅ። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ አደባባይ ማውጣት፣ ማባዛትና መሸጥ ይከለክላል። እሺ ብለናል። ስለ አባ ኮዳ ግን አንቀጽ አላገኘሁም። አንተ «ሰው አለበት፣ አጥፋ» አልክ። ሽማግሌው አጠገባችን ቆመው «እኔ ነኝ የፈቀድኩለት» እያሉ። የራሳቸው ፊት እኮ ነው! ማን ነህ አንተ? ቁጥር የለህ፣ አንቀጽ የለህ፣ ፊርማ የለህ። ጓደኞቼ የጠፋ ፎቶ በኮምፒውተር ፕሮግራም ይመለሳል አሉኝ። ሞከርኩ። ፊታቸው መጣ፣ ከአንገታቸው በታች ግራጫ ሆነ። እጃቸውና መረቡ የሉም። ፎቶው ደግሞ እጃቸው ነበር።

ትራይፖድ፣ ባለ ሦስት እግሩን የካሜራ ማቆሚያ፣ ስዘረጋ ቀያሽ መጣ ብለው መሬታቸው እንዳይነካ ግር ብለው የወጡትን የሰፈር ሰዎች አላነሳብህም። እነሱ ቢያንስ ምክንያት ነበራቸው።

ደብዳቤህንም ልነግርህ ነው። ሰኞ ላጽፍ ሄድኩ። ጸሐፊዋ አለች፣ ወረቀቱ አለ፣ ማህተሙ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል፣ ቁልፉ ስልጠና ሄዷል። ቁልፉ ከስልጠና ሲመለስ ደብዳቤው ቁጥር የለውም ተባለ። ቁጥር የሚሰጠው መዝገብ ቤት ነው፣ መዝገብ ቤት ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው። በመጨረሻ ቁጥርም ማህተምም ያለው «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ ይዤ ሐይቁ ዳር ተመለስኩ። ጥበቃው አነበቡት። ገለበጡት። ጀርባውንም አዩ።

«ለሚመለከተው ነው የሚለው» አሉ። «እኔን አይመለከተኝም።»

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የሚመለከተው ማን እንደሆነ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ። ካልታወቀ ደግሞ እስኪታወቅ ድረስ ሐይቁን፣ ወፎቹንና ሽማግሌውን ለቀቅ አድርጉልኝ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለባጃጅ ሾፌሩ፣ እንቅስቃሴ እንደሚባል እንዲያውቀው
ለመምህራችን፣ የማስረከቢያው ቀን እንዲገፋልኝ