ክሬዲቱ ከመቆጠሩ በፊት ተማሪው አይመዝገብ

የትምህርት ክፍሉን በቅርቡ የቀየረ ተማሪ ኮሌጅም ለመቀየር ሲነሳ አስቀድሞ የሚጠይቀው ካለፋቸው ኮርሶች ስንት ክሬዲት፣ ማለትም የኮርስ ክብደት የሚለካበት ነጥብ፣ እንደሚያዝለት ነው። ኮሌጆች ለዚህ ጥያቄ ጥቅል ቁጥር ብቻ ሰጥተው ተማሪውን መመዝገባቸው ትልቅ በደል ነው ብዬ አምናለሁ።

ከመካኒካል ምህንድስና ወደ ኢኮኖሚክስ የተሻገረን ተማሪ እንውሰድ። ካልኩለስ በአዲሱ ክፍልም ስለሚፈለግ ያገለግለዋል፤ ቴርሞዳይናሚክስ ግን፣ የቱንም ያህል ከፍተኛ ውጤት ቢያመጣበት፣ በነጻ ምርጫ ኮርስነት ካልተያዘለት በቀር ለዲግሪው አይረባውም። ይህ ኪሳራ በነበረበት ኮሌጅ ቢቆይም አይቀርለትም። ዝውውሩ በዚህ ላይ ሌላ ይጨምርበታል፤ ለአዲሱ ክፍል የሚያገለግሉት ኮርሶች ራሳቸው የይዘት ልዩነት አላቸው ወይም ውጤታቸው አነስተኛ ነው ተብለው ሊወድቁ ይችላሉ።

የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ ከኮሌጅ ወደ ኮሌጅ የተዘዋወሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ የሚሆነውን ክሬዲታቸውን እንዳጡ ገምቷል። ይህ ግምት የሚመለከተው ተቀባዩ ኮሌጅ ጨርሶ ያልያዘውን ክሬዲት ነው። ተይዞ ሳለ ለተማሪው ዲግሪ ማሟያ ያልሆነው ሲታከልበት ጉዳቱ ምን ያህል እንደሚሰፋ መገመት አያዳግትም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የቅድመ ሁኔታ ኮርሶች ቅደም ተከተል ነው። 120 ክሬዲት በሚጠይቅ ፕሮግራም 60 ክሬዲት የተያዘለት ተማሪ ግማሹን መንገድ የጨረሰ ይመስለዋል። ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ የመጣው ከባዮሎጂ ከሆነ ግን መጀመሪያ የፕሮግራሚንግ መግቢያን፣ ቀጥሎ ዳታ ስትራክቸርን፣ ከዚያም አልጎሪዝምን በየሴሚስተሩ አንድ በአንድ መውሰድ ይጠበቅበታል፤ ከእነዚህ አንዱ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ከሆነና ካመለጠው፣ ሌላው ክሬዲት ሁሉ ቢሟላለት እንኳ ምረቃው በአንድ ዓመት ይገፋል። ቤተሰብ የሚያጠራቅመው ገንዘብም ሆነ የስኮላርሺፑ ጊዜ ይህን ታሳቢ ያደረገ አይደለም።

ስለዚህ ተቀባዩ ኮሌጅ ከተማሪው ክፍያ ከመቀበሉ በፊት፣ እያንዳንዱ ኮርስ በአዲሱ ክፍል ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ የትኛውን እንደሚተካ፣ የቀሩት ኮርሶች በየትኛው ሴሚስተር እንደሚሰጡና ተማሪው መቼ ሊመረቅ እንደሚችል የሚገልጽ ደብዳቤ በትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ፊርማ ሊሰጠው ይገባል። የሬጅስትራር ጽሕፈት ቤቶች ጥያቄ ላቀረበ ሁሉ ይህን ማድረግ የሥራ ጫና ይፈጥራል ይላሉ፤ ጫናውን አልክድም። ይሁንና ለሚመዘገቡት ተማሪዎች ግምገማው ከምዝገባ በኋላም መሠራቱ አይቀርም፤ ያኔ ግን ተማሪው የቀድሞ ቦታውን ለቅቋል፣ ገንዘቡንም ከፍሏል። ተማሪውም የየኮርሱን ዝርዝር ይዘት ከትራንስክሪፕቱ ጋር አያይዞ በማቅረብ ሥራውን ማቅለል ይችላል።

አዲሱ የትምህርት ዘርፍ በነበረበት ኮሌጅ የማይሰጥ ከሆነ መዘዋወሩ ግድ ነው፤ ዘርፉ እዚያው የሚሰጥ ከሆነ ግን ደብዳቤው እጁ እስኪገባ ድረስ የመልቀቂያ ቅጹን ባይሞላ እመክራለሁ።